መርጫውን ከማንሳት በፊት፦ በሩዝ ማሳ ውስጥ የተባይ ጠላቶችን የመለየትና የማቆየት መመሪያ

ነሐሴ ላይ በጣና ሐይቅ ዳር ባለው በፎገራ ሜዳ የሩዝ ማሳ ውስጥ የገባ ሰው ቅጠል ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር አያጣም። ስህተቱ የሚጀምረውም እዚህ ነው። የሚዘለውም፣ የሚሮጠውም፣ የሚበረውም በአንድ ስም «ተባይ» ይባልና ለሽንኩርት ተገዝቶ የተረፈው ኬሚካል ይወጣል። ማሳው ለጥቂት ቀናት ጸጥ ይላል። ከዚያ ተባዩ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ከቀድሞው በዝቶ።

ርጭት አስቀድሞ የሚያገኘው በቅጠልና በውኃ ላይ በግልጽ የሚዘዋወረውን ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ አዳኞች ናቸው። አገዳ ቆርቋሪው ትል አገዳው ውስጥ ተሸሽጓል፤ የቅጠል ዘላዮች (የተክሉን ጭማቂ የሚመጡ ትናንሽ ነፍሳት) እንቁላልም በተክሉ ሥጋ ውስጥ ተቀብሯል። እነዚህ ከርጭቱ ተርፈው ሲወጡ የሚበላቸው የለም። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ1986 57 ዓይነት ፀረ-ነፍሳት ኬሚካሎች በሩዝ ላይ እንዳይረጩ የከለከለችው ቡናማው ዘላይ በዚሁ መንገድ እየበዛ ሩዟን ስለጎዳባት ነበር።

ስለዚህ ማሳው ውስጥ ማን እንዳለ ሳትቆጥሩ መርጫ አትሸከሙ። ቆጠራው በሳምንት አንድ ጠዋት ይበቃዋል። የሚከተሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ሥሩ፤ በተለይ አራተኛውን አትዝለሉ።

ዝግጅት

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ከቤት የሚገኙ ናቸው።

- ከአራት ቀጥ ያሉ እንጨቶች የተሠራ፣ እያንዳንዱ ጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ክፈፍ። ሩዙ በብተና ከተዘራ ያለ ክፈፍ መቁጠር አይቻልም፤ ዓይን ወደ ተጎዳው ቦታ ብቻ ይሳባልና።
- ክዳን ያላቸው አሥር ያህል ትናንሽ ብርጭቆዎች ወይም አፋቸው ሰፋ ያለ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙሶች።
- የጠርሙስ አፍ የሚሸፈንበት ቁራጭ አቡጀዲና ላስቲክ። ነጠላ አትጠቀሙ፤ ክሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ በኋላ የምንፈልጋቸው ጥቃቅን ተርቦች ያመልጣሉ።
- ማጥመጃ መረብ። ሽቦ አጥፋችሁ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ሥሩ፤ የአቡጀዲ ከረጢት ስፉበት፤ አንድ ሜትር እጀታ ግጠሙለት።
- ምላጭ ወይም ትንሽ ቢላዋ፣ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ በጤዛ ይበላሻል።
- የጎማ ቡትስ። የጣና ዙሪያ ውኃ አልቅት ብቻ ሳይሆን ቢልሃርዝያም አለበት፤ በባዶ እግር አትግቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ መረቡንም ሆነ የጠርሙሱን ሽፋን ከአሮጌ አጎበር አትሥሩ። ለወባ መከላከያ የሚታደለው አጎበር ፀረ-ነፍሳት ኬሚካል የተነከረ ነው። የያዛችሁት ሁሉ በውስጡ ይሞትና ፈተናው ውሸት ይነግራችኋል።

ደረጃ 1፦ ቀኑንና ሰዓቱን መወሰን

ሩዙ ከበቀለ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጀምሩ፤ ዘለላው ወተት እስኪይዝ ድረስ በየሳምንቱ በአንድ የተወሰነ ቀን ግቡ። ቀኑ ከተለዋወጠ የሁለት ሳምንት ቁጥር ማወዳደር አይቻልም።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ለዓይን ቆጠራ ይመረጣል። ጤዛው የሸረሪት ድርን ያጎላዋል፤ ብርድ ስላለም ነፍሳቱ ቶሎ አይሸሹም። በመረብ መጥረግ፣ ማለትም መረቡን በቅጠሉ ላይ እያወዛወዙ ነፍሳትን መያዝ፣ ግን ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን። እርጥብ ቅጠል ላይ የተጎተተ መረብ ነፍሳቱን አጣብቆ ይጨፈልቃቸዋል። ከባድ ዝናብ ከጣለ በማግሥቱ አትቁጠሩ፤ አንድ ቀን አሳልፉ።

ደረጃ 2፦ መግባትና መቁጠር

ከድንበሩ ላይ ቆማችሁ ለአምስት ደቂቃ ሳትነኩ ተመልከቱ። ምን እየበረረ ነው? የት ይሰበሰባል? ይህ ከገባችሁ በኋላ አይገኝም።

ከዚያ ከድንበሩ ቢያንስ ሁለት ሜትር ዘልቃችሁ በማሳው ውስጥ እየተጠማዘዛችሁ ሂዱና አሥር ቦታ ላይ ቁሙ። ቦታውን አትምረጡ፤ የተወሰነ እርምጃ ቆጥራችሁ እግራችሁ ባረፈበት ክፈፉን ጣሉ። ጥላችሁ ክፈፉ ላይ እንዳያርፍ ፀሐይን ፊት ለፊት ያዙ።

በእያንዳንዱ ክፈፍ ከላይ ወደ ታች እዩ።

1. ጫፍ፦ ድር፣ የውኃ ተርብ፣ ቅጠል ላይ የተጣበቀ እንቁላል።
2. መሃል፦ ጥንዚዛዎችና ጫጩቶቻቸው፣ ዘላዮች፣ የተፋቀ ወይም የተበሳ ቅጠል።
3. ሥር፦ ቅጠሎቹን በሁለት እጅ ገለል አድርጋችሁ ውኃው ወይም አፈሩ ላይ የሚሮጠውን ቁጠሩ። ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህንን ነው፤ ዋናዎቹ ጠባቂዎች ግን የሚኖሩት እዚህ ነው።
4. በመጨረሻ ከክፈፉ ውስጥ አሥር አገዳዎችን ሳትመርጡ ያዙና መካከለኛው ቅጠላቸው የደረቀውን ቁጠሩ። ከአሥር ቦታ መቶ አገዳ ይሆናል፤ የደረቁት ቁጥርም ያለ ተጨማሪ ስሌት መቶኛው ነው።

በደብተሩ ላይ ሁለት ዓምድ ይኑር፤ በአንዱ ወዳጅ፣ በሌላው ጠላት። ማንነቱን ያላወቃችሁትን በሁለቱም አትጻፉት፤ ጠርሙስ ውስጥ ከታችሁ ለደረጃ 5 አቆዩት።

ደረጃ 3፦ ወዳጆቹን ማወቅ

ጊዜ ወስዳችሁ አጥኑት። በብዛት በስህተት የሚገደሉትን አስቀድሜአለሁ።

*ድር የማታደራው ሯጭ ሸረሪት።* ቡናማ ወይም ግራጫ ናት፤ አገዳ ሥር ትኖራለች፤ ውኃ ላይም ትሮጣለች። ሴቷ የእንቁላል ከረጢቷን ከኋላዋ አጣብቃ ትዞራለች፤ ሲፈለፈሉም ልጆቿን ጀርባዋ ላይ ትሸከማለች። በእስያ የሩዝ ማሳ የምትገኘው ዘመዷ በቀን ከ5 እስከ 15 የሚደርሱ ነፍሳት ትበላለች። ሸረሪት ስምንት እግር ስላላት ከነፍሳት ወገን አትቆጠርም፤ በሩዝ ማሳ ውስጥ ግን ከማንኛውም ነፍሳት በፊት የምትቆጠረው እሷ ናት። ከረጢት የተሸከመች ሴት ካያችሁ በደብተሩ ላይ ለይታችሁ ጻፏት፤ ማሳው ለመጪዎቹ ሳምንታት ጠባቂ እያፈራ መሆኑን ትነግራችኋለች።

*ረጅም መንጋጋ ያላት ቀጭን ሸረሪት።* ቀን እግሮቿን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዘርግታ ቅጠል ላይ ስለምትለጠፍ አትታይም። በጤዛ ሰዓት ክብ ድሯን ፈልጉ።

*የውኃ ተርብ።* ክንፉን ዘርግቶ የሚያርፈው ትልቁ በአየር ላይ ያድናል። ክንፉን ጀርባው ላይ አጥፎ የሚያርፈው ቀጭኑ ደግሞ በቅጠሎች መካከል እየገባ ዘላዮችን ይለቅማል። የሁለቱም ጫጩቶች ውኃ ውስጥ ነው የሚያድጉት። መርጫ የታጠበበት ውኃ ቦይ ውስጥ ከተደፋ በመጀመሪያ የሚያልቁት እነሱ ናቸው።

*አንጸባራቂዋ ጥንዚዛ።* ክብ፣ ቀይ ወይም ብርቱካናማ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ሰረዝ ያላት ናት። ክሽክሽን፣ ትናንሽ ዘላዮችንና እንቁላልን ትበላለች። ሰዎች እሷን አይነኩም፤ ጫጩቷን ግን ይገድላሉ። ጫጩቷ ጠቆር ያለች፣ ረዘም ያለች፣ ስድስት እግሮቿ በግልጽ የሚታዩ፣ ጎኗ ላይ ብርቱካናማ ምልክት ያላት ናት። ትል መስላ ትታያለች፤ ተባይ ግን አይደለችም።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ጥንዚዛ ሁሉ ወዳጅ አይደለም። ጤፍንና ሌላውንም እህል የምትፈቅ፣ ነጠብጣብ ያላት፣ ግን የማታንጸባርቅና በጥቃቅን ጸጉር የተሸፈነች ዘመዷ በአገራችን አለች። መለያው ቀላል ነው፦ ጀርባዋ ካንጸባረቀ ወዳጅ ናት፤ ጀርባዋ ደብዛዛና ጸጉራም ሆኖ ያረፈችበት ቅጠል አረንጓዴው ተፍቆ መስኮት ከመሰለ ጠላት ናት።

*ጉንዳን የምትመስል፣ ብርቱካናማና ጥቁር ቀለም የተፈራረቀባት ቀጭን ጥንዚዛ።* እንቁላልና ትናንሽ ዘላዮችን ትበላለች፤ ወዳጅ ናት። ነገር ግን ቆዳችሁ ላይ ካረፈች አትጨፍልቋት። በሰውነቷ ያለው ፈሳሽ ቆዳን ያቆስላል፤ ዓይንን ከነካ ደግሞ በጣም ይጎዳል። እፍ ብላችሁ አባሯት። ከተጨፈለቀች ቦታውን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ታጠቡ፤ በታጠበው እጅም ዓይናችሁን አትሹ።

*አንቴናው ከሰውነቱ የሚረዝም ፌንጣ።* አንቴናው አጭር የሆነው የተለመደው ፌንጣ ቅጠል በሊታ ነው። ባለ ረጅም አንቴናው ደግሞ አልፎ አልፎ ቅጠል ቢነክስም የአገዳ ቆርቋሪ እንቁላልን እየፈለገ ይበላል። በወዳጅ ዓምድ መዝግቡት።

*ጥገኛ ተርቦች።* እነዚህን በዓይን ማሳ ውስጥ ለማየት አትሞክሩ፤ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም አይበልጡም። አንዳንዶቹ እንቁላላቸውን በአገዳ ቆርቋሪው እንቁላል ውስጥ ይጥላሉ፤ ከዚያ ትል መውጣቱ ይቀርና ተርብ ይወጣል። ሌሎቹ በትሉ ገላ ውስጥ ያድጋሉ። ቅጠል ላይ ከሞተ ትል አጠገብ ተከምሮ የሚገኘው ነጭ፣ ጥጥ የሚመስል የጥቃቅን እንክብሎች ክምችት የእነሱ ጫጩቶች ወደ ተርብ የሚለወጡበት ሽፋን ነው። ብዙ ገበሬዎች የተባይ እንቁላል መስሏቸው ይጨፈልቁታል። አትንኩት።

ውኃ ላይ የሚንሸራተቱት ባለ ረጅም እግሮች፣ ጉንዳኖችና እንቁራሪቶችም ከወዳጅ ይቆጠራሉ። ከቅጠል ወደ ውኃ የወደቀ ዘላይ ከእነሱ አያመልጥም።

ደረጃ 4፦ የእንቁላል ፈተና

ከሁሉም በላይ የሚዘለለው ሥራ ይህ ነው። በመመሪያው ውስጥ ካለው ሁሉ አንዱን ብቻ የምትሠሩ ከሆነም ይህን ሥሩ፤ ለመርጨት ወይም ለመተው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማሳው ላይ አታገኙምና።

የአንዳንድ አገዳ ቆርቋሪ የእሳት እራቶች እንቁላል ቅጠል ላይ ተከማችቶ ገለባማ ቀለም ባለው ጸጉር ይሸፈናል። የሌሎቹ እንደ ቅርፊት ተደራርቦ በረድፍ ይቀመጣል፤ አንዳንዱም በአገዳውና አገዳውን በሚያቅፈው ቅጠል መካከል ይደበቃል።

1. ከተለያዩ የማሳው ክፍሎች እስከ አሥር የእንቁላል ክምችት ፈልጉ። ከአንድ ጥግ ብቻ አትልቀሙ።
2. እንቁላሉን ከቅጠሉ አትላጡት። ከላይና ከታች ሁለት ሁለት ጣት ያህል ትታችሁ ቅጠሉን ቁረጡ።
3. እያንዳንዱን ለየብቻው ጠርሙስ ውስጥ ክተቱ። በውኃ ነክራችሁ አጥብቃችሁ የጨመቃችሁትን ትንሽ ጥጥ ጨምሩ። ጥጡ ውኃ ከተንጠባጠበበት ብዙ ነው።
4. አፉን በአቡጀዲ ሸፍናችሁ በላስቲክ እሰሩ። የቆረጣችሁበትን ቀን ጻፉበት።
5. ፀሐይ በማያገኘው፣ ጭስ በሌለበት የቤት ጥግ አስቀምጡ። ምድጃ አጠገብ አይሁን።
6. በየቀኑ ጠዋት እዩ። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውጤቱ ይታወቃል።

የወጡት ራሳቸው ጠቆር ያሉ ደቃቅ ትሎች ከሆኑ እንቁላሉ ጤነኛ ነበር። በአቡጀዲው ሥር ጥቃቅን ጥቁር ተርቦች ሲሄዱ ካያችሁ ማሳችሁ ራሱን እየጠበቀ ነው። ሁለቱም ከአንድ ክምችት ከወጡ በደብተሩ ላይ «ከፊል» ብላችሁ ጻፉ።

ውጤቱን ካያችሁ በኋላ ትሎቹን ሳሙና ባለበት ውኃ ግደሉ። ተርቦቹን ግን ማታ ወደ ማሳው ወስዳችሁ ጠርሙሱን ከፍታችሁ ሥር አስቀምጡት።

ፈተናው ሲበላሽ፦ ጥጡ ከሻገተ እርጥበቱ በዝቷል፤ ጥሉትና በአዲስ እንቁላል ጀምሩ። እንቁላሉ ጨምድዶ ከደረቀ ጥጡን ረስታችኋል። ሁለት ሳምንት ሞልቶ ምንም ካልወጣ እንቁላሉን በደንብ እዩት፤ ቀዳዳ ካለበት ከመቁረጣችሁ በፊት ተፈልፍሏል፤ አትቁጠሩት። በማሳው ውስጥ ተፈልጎ እንቁላል ካልተገኘም ያ ራሱ ውጤት ነው፤ ለመርጨት አንድ ምክንያት ቀነሰ ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ ያላወቃችሁትን መፈተን

በትልቅ ነጭ የውኃ ጠርሙስ ውስጥ ከነሥሩ የተነቀለ አንድ የሩዝ ቡቃያ ከእርጥብ አፈር ጋር ትከሉ። የማታውቁትን ነፍሳት አንድ ብቻ አስገቡ፤ አምስት ዘላዮችን ወይም ትናንሽ ትሎችን ጨምሩ። አፉን ሸፍናችሁ ማታና በማግሥቱ ጠዋት እዩ። ዘላዮቹ ከጎደሉና ቅጠሉ ደህና ከሆነ ወዳጅ ነው፤ ቅጠሉ ከተበላ ጠላት ነው። ሁለት አዳኞችን በአንድ ጠርሙስ አታስገቡ፤ እርስ በርስ ይበላላሉ። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታልና አሳትፏቸው።

ደረጃ 6፦ ጉዳቱ የማን እንደሆነ ማረጋገጥ

መሃሉ የደረቀውን ቅጠል ቀስ ብላችሁ ሳቡት። በቀላሉ ተነቅሎ ከወጣና ሥሩ የተበላ ወይም የበሰበሰ ከሆነ አገዳውን በምላጭ ለሁለት ሰንጥቁ።

- ራስና እግር ያለው ትል ከተገኘ አገዳ ቆርቋሪ ነው።
- እግር የሌለው፣ ነጣ ያለ ቢጫ ትል ከሆነ የዝንብ ትል ነው። እናቲቱ ዓይኖቿ በሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ጫፍ ላይ የተሰቀሉ ዝንብ ናት፤ ውኃ ዳር ባለ ጥላ ውስጥ ተሰብስባ ትገኛለች። የውኃ ተርቦችና ሸረሪቶች ይይዟታል።
- ትል ከሌለና ሥሩ ተቦርቡሮ አፈር ከሞላበት ምስጥ ነው። ምስጥ የሚበረታው ውኃ በሸሸበት ማሳ ነው። ድንበሩን ከፍ አድርጋችሁ ውኃ አቁሙ፤ ቅጠል ላይ የሚረጭ ነገር ለምስጥ አይደርስም።

ዘለላው ፍሬ አልባ ሆኖ ከነጣ ሳቡት። በቀላሉ ከወጣ የአገዳ ቆርቋሪ ሥራ ነው። ካልወጣና አንገቱ ላይ ጠቁሮ ከታየ በሽታ ነው፤ ፀረ-ነፍሳት ለበሽታ አይሠራም።

ደረጃ 7፦ መወሰን

የሦስት ሳምንት ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጡ። ከአንድ ቀን ቁጥር ይልቅ አካሄዱ ይበልጣል።

*ከተዘራ 40 ቀን ያልሞላው ወይም ከተተከለ 30 ቀን ያልሞላው ሩዝ፦* ቅጠል ስለተበላ ብቻ አትርጩ። ሩዙ በዚህ ዕድሜው አዲስ ቅጠልና የጎን ቡቃያ እያወጣ ስለሆነ የጎደለውን ይተካል። አዳኞቹም የሚገቡት በዚህ ጊዜ ነው፤ አሁን ከገደላችኋቸው ወቅቱን ሙሉ ታጧቸዋላችሁ። ልዩነቱ ተምች በመንጋ ሲገባ ነው፤ ያን ዕለት ሳታድሩ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ንገሩ።

*ከመቶ አገዳ የደረቁት ከ10 በታች ከሆኑ፦* አትርጩ። ከሳምንት በኋላ ቁጠሩ። 7 ወይም 8 ከደረሰ ሳምንት ሳትጠብቁ በአራተኛው ቀን ተመለሱ። 10 በብዙ የሩዝ አገሮች የሚሠራበት ልክ ነው፤ ለአካባቢያችሁ የተለየ ልክ ካለ በወረታ ያለው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ወይም የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይነግራችኋል።

*10 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከጠርሙሶቹ በብዛት ተርብ ከወጣ፦* አትርጩ። የደረቁትን አገዳዎች ከሥራቸው ቆርጣችሁ አውጡና ለከብት ስጡ ወይም ቅበሩ። በቀጣዩ ሳምንት ቁጥሩ መቆሙን አረጋግጡ።

*10 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከጠርሙሶቹ በብዛት ትል ከወጣ፣ ሥር ላይም ሸረሪት ካልታየ፦* አሁን ባለሙያ ጥሩ፤ ወደ ደረጃ 8 ሂዱ።

*ዘለላው ከነጣ በኋላ፦* ጉዳቱ ደርሷል፤ ትሉም አገዳው ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ መርጨት ገንዘብን ከነወዳጆቹ መጣል ነው። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ብዙ ሰው መርጫ የሚያነሳው ልክ በዚህ ቀን ነውና።

ደረጃ 8፦ የግድ ከተረጨ

- ለሩዝና ለዚያ ተባይ የተመዘገበ ኬሚካል ብቻ ተጠቀሙ። ለሽንኩርትና ለቲማቲም የተገዛው ለዚህ አልታሰበም። ሁለት ኬሚካል በአንድ መርጫ አትቀላቅሉ።
- ማሳውን በሙሉ አትርጩ። ጉዳት የበዛበትን ቦታ በችካል አጥራችሁ እሱንና ሁለት ሜትር ዙሪያውን ብቻ ርጩ። ከቀረው ክፍል አዳኞች ይመለሳሉ።
- ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ ነፋስ ሲረጋ ርጩ። ንቦች በዚያ ሰዓት ወደ ቀፎ እየተመለሱ ነው። ለንብ አናቢ ጎረቤቶቻችሁ ከአንድ ቀን በፊት ንገሩ።
- ጓንት፣ ቡትስ፣ ረጅም ልብስና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አድርጉ። በመለያ ጽሑፉ ላይ ያለውን መጠን አታሳልፉ።
- ድንበሩን አትርጩ። መርጫውን በቦይ፣ በርብ ወይም በጉማራ ወንዝ ውኃ አትጠቡ። ባዶ ዕቃውን ብሱት፤ ለውኃ፣ ለዘይትም ሆነ ለጠላ አይዋል።
- በሦስተኛው ቀን ገብታችሁ ሸረሪቶችን ቁጠሩ። የቀሩትን ማወቅ ለቀጣዩ ውሳኔ ያስፈልጋል።

ደረጃ 9፦ ለወዳጆቹ ቤት መሥራት

ድንበሩን በአንድ ቀን ጠራርጋችሁ አትጨዱ። አንዱን ጎን ስታጭዱ ሌላውን ተዉት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ አቀያይሩ። ጥገኛ ተርቦች ለዕድሜያቸው የአበባ ማር ይፈልጋሉ። መስከረም ላይ ድንበር ላይ የሚያብበው አደይ አበባ፣ ዳር ዳሩን የተዘራ ኑግም ይመግባቸዋል። አበባው ለማሳው አረም እንዳይሆን ብቻ ዘሩ ሳይረግፍ እጨዱት።

ውኃ ስታፈሱ ወይም ስታርሱ ጥቂት የገለባ እስሮች ድንበሩ ላይ አስቀምጡ። ሸረሪቶች እዚያ ይጠለላሉ። ውኃው ሲመለስ እስሮቹን ማሳው ውስጥ አራግፏቸው። አጎራባች ማሳዎች ካሏችሁ ሁሉንም በአንድ ቀን አታድርቁ።

ዩሪያን በአንድ ጊዜ አትጨምሩ፤ ከፋፍላችሁ ጨምሩ። ከመጠን በላይ የለመለመ ሩዝ ዘላዮችንና አገዳ ቆርቋሪዎችን ይጠራል፤ አዳኞቹም አይደርሱባቸውም።

በአጨዳ ጊዜ ወደ መሬት ዝቅ አድርጋችሁ እጨዱ። ትሉ በቀሪው ቆረን (ከታጨደ በኋላ በሚቀረው የአገዳ ጉቶ) ውስጥ ይከርማል። በሩዙ ሥር ጓያ የዘራችሁ ከሆነ ማረስ ስለማይቻል ዝቅ አድርጎ ማጨዱ ይበልጥ ያስፈልጋል። ጓያውና ሽምብራው በበጋው ለሸረሪቶችና ለጥንዚዛዎች መጠለያ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ያለ ምክንያት አትርጩባቸው። ድንበር አታቃጥሉ።

ችግር ሲያጋጥም

*ምንም ሸረሪት አላገኘሁም።* መጀመሪያ ሰዓቱን ተጠራጠሩ፤ እኩለ ቀን ላይ ይደበቃሉ። ቅጠሉን ገልጣችሁ ሥሩን ማየታችሁን አረጋግጡ። በ1 ሰዓት ገብታችሁም ካጣችሁ ባለፉት ሳምንታት እናንተ ወይም ጎረቤት ረጭታችሁ ይሆናል። በሩዙ ላይ ጉዳት ከሌለ ድንበሩን ሳታጭዱ ጠብቁ፤ የሸረሪት ጫጩቶች በድራቸው ተንሳፍፈው በነፋስ ይመጣሉ።

*ጎረቤቴ ይረጫል።* በእሱ በኩል ያለውን ድንበር ሳትነኩ ተዉት፤ ረጅሙ ሣር የሚነፍሰውን ጠብታ ይቀንሳል። ጠርሙሶቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና ከእንቁላሉ የወጣውን ተርብ አሳዩት። በደቦ ለአረም በምትሰበሰቡበት ቀን ብታሳዩ ደግሞ የአካባቢው ሰው ሁሉ ያያል።

*ባለፈው ሳምንት ረጭቻለሁ።* ሁለተኛ ርጭት አትጨምሩ። ከአራት ቀን በኋላ ቆጠራ ጀምሩ፤ በተለይ ቅጠል ዘላዮችን ተከታተሉ። ጠባቂ በሌለበት ፈጥነው የሚበዙት እነሱ ናቸው። ያልተረጨ ድንበር ላይ ገለባ አስቀምጣችሁ ሸረሪት ከገባበት በኋላ ማታ ወደ ማሳው አዛውሩት።

*ሁለት ሰው ቆጥረን የተለያየ ቁጥር አመጣን።* ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ አማካዩን ውሰዱ። ሰፊ ከሆነ አንዳችሁ የተጎዳውን ቦታ እየመረጣችሁ ነው። እርምጃ እየቆጠራችሁ ክፈፉን እንደ አዲስ ጣሉ።

*መረቡ ውስጥ ብዙ ነፍሳት ይገባና ለመለየት ያስቸግራል።* ከአሥር ጥረጋ በላይ አትጥረጉ። የመረቡን አፍ አጣጥፋችሁ ይዘቱን ወደ ትልቅ ነጭ ጠርሙስ አዛውሩ፤ ከድናችሁ ጥላ ውስጥ አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ ስትጨርሱ ወዳጆቹን እዚያው ማሳ ውስጥ ልቀቋቸው።

*የሚረጭ ነገር ካላገኘሁ ቤተሰቤ አይታገሰኝም።* ከማሳው ላይ አሥር በአሥር ሜትር የሆነ ቦታ በችካል ለዩና ሳትረጩ ተዉት፤ በቀረው ላይ የተለመደውን አድርጉ። በሁለቱም ላይ በየሳምንቱ ሸረሪቶችን፣ ዘላዮችንና የደረቁ አገዳዎችን ቁጠሩ። በአጨዳ ጊዜ የሁለቱን ቦታ ምርት እኩል ስፋት ለክታችሁ ለየብቻ ውቁና መዝኑ፤ ለመድኃኒት የወጣውንም ገንዘብ ከጎኑ ጻፉ። የሚቀጥለው ዓመት ውሳኔ ከዚያ ደብተር ይወሰድ።